ስለ መግቢያ ፈተናና ስለ ማመዛዘን ልምምድ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

«ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ለዳኛና ለባለጉዳይ ብቻ የተነገረ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ምክር በዛሬው ዘመን ለከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ወይም ለሥራ ውድድር እርሳስ ይዞ ለሚቀመጠው ወጣትም እጅግ ያስፈልገዋል። በአገራችን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውስጥ፥ ከሌሎቹ የትምህርት ዓይነቶች ጎን፥ የማሰብና የማመዛዘን ችሎታ የሚለካበት ስኮላስቲክ አፕቲትዩድ የተባለ ፈተና መኖሩ የታወቀ ነው። ብዙ ወላጆች፥ ይልቁንም ከወር ደመወዛቸው ቀንሰው ልጆቻቸውን የሚያስጠኑ የመንግሥት ሠራተኞች፥ «ለዚህ ፈተና የሚሆን የመማሪያ መጽሐፍ የለም፤ ታዲያ ልጃችን ምኑን ያጥና?» እያሉ ሲጨነቁ ይሰማሉ። የዛሬው ንግግራችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። መልሱም ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ማመዛዘን በቃል የሚጠና ነገር ሳይሆን፥ የተሰጠንን ነገር እኛ ከልባችን ከጨመርነው ለይቶ የማየት ልማድ ነው፤ ይህም ልማድ እንደ ማንኛውም የእጅ ሙያ በልምምድ ይገኛል።

ነገሩን በተጨባጭ ለማስረዳት ወደ ሕንድ አገር መሻገር ይጠቅማል። በዚያ አገር የሕግ፥ የሎጂክና የቁጥር ማመዛዘን ሦስቱም በአንድ ፈተና ውስጥ ተለይተው ስለሚጠየቁ፥ የአንዱን ከሌላው ልዩነትና ዝምድና ለማየት ያመቻል።

በሕንድ አገር ተማሪዎች ሁለተኛ ደረጃን እንደ ጨረሱ ገብተው አምስት ዓመት የሚማሩባቸው ብሔራዊ የሕግ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። የመጀመሪያው በባንጋሎር ከተማ ተቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ትምህርት ጀመረ። ሌሎችም እሱን ተከትለው ሲከፈቱ፥ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን ለብቻው ይሰጥ ስለ ነበረ፥ ተማሪው ለየፈተናው ገንዘብ መክፈልና ከአንዱ ወደ ሌላው መሮጥ ግዴታው ነበር። ይህ ችግር በአቤቱታ ለአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከቀረበ በኋላ፥ ሰባት ዩኒቨርሲቲዎች ተስማምተው እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ የጋራ የሕግ መግቢያ ፈተና መስጠት ጀመሩ። ይህ ፈተና ከእንግሊዝኛ ስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ተወስዶ «ክላት» ይባላል። ዛሬ የሚያካሂደው ዩኒቨርሲቲዎቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ያቋቋሙት ኅብረት ነው።

ፈተናው 120 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን የተመደበለት ጊዜ 120 ደቂቃ ነው። ይህም ማለት ምንባቡን የሚያነብበት ጊዜ ሳይቀር ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። ከጥያቄዎቹ ከ28 እስከ 32 የሚሆኑት የሕግ ማመዛዘን፥ ከ22 እስከ 26 የሚሆኑት የሎጂክ፥ ከ10 እስከ 14 የሚሆኑት የቁጥር ናቸው፤ የቀሩት እንግሊዝኛና ወቅታዊ ጉዳዮች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ጥያቄዎቹ የሚወጡት እስከ 450 ቃላት ከሚደርሱ ምንባቦች ወይም ከቀረቡ የቁጥር መረጃዎች ስለሆነ፥ ተፈታኙ የሚመዘነው በሸመደደው ሳይሆን በፊቱ ያለውን አንብቦ በመረዳቱ ነው። በሕጉም ክፍል ቢሆን አስቀድሞ ሕግ እንዲያውቅ አይጠበቅበትም።

እንግዲህ ሦስቱን ክፍሎች አንድ በአንድ እንመልከት።

በሕግ ማመዛዘን ጊዜ ሦስት ነገሮች ይቀርባሉ፤ እነርሱም ደንቡ፥ ፍሬ ነገሩና መደምደሚያው ናቸው። ምሳሌ ከራሳችን ሕግ እንውሰድ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071፥ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት፥ እንስሳው በድንገት ከእጁ ቢያመልጥ ወይም ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይቻል ቢሆንም እንኳ፥ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። አሁን ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው እንበል። አንድ ገበሬ በሬውን በጠንካራ ገመድ አስሮ ያድራል። ሌሊት መብረቅ ሲጮህ በሬው ደንግጦ ገመዱን ይበጥስና የጎረቤቱን የጎመን መደብ ይጨርሰዋል። በዚህ ደንብ ብቻ ስንፈርድ ገበሬው ይከፍላል ወይስ አይከፍልም?

ብዙ ሰው «መብረቅን ማን ያግደዋል? ሰውየውም አስሮ ነበር» ብሎ በርኅራኄ ነጻ ያወጣዋል። ደንቡ ግን ጥንቃቄን አልጠየቀም፤ ማምለጡንም አስቀድሞ አስቦ ዘግቶታል። ስለዚህ ገበሬው ይከፍላል። በቀድሞ ዘመን በበላ ልበልሃ ሙግት አንደበተ ርቱዕ የሆነው ሰው በቃሉ ውበት ዳኛውን ይማርክ ነበር፤ በዚህ ዓይነት ፈተና ግን የራስን ፍርድ በደንቡ ላይ መጨመር ነጥብ ያስጥላል። የሚበጀው ልምምድ ከደንቡ አንዲት ሐረግ ለውጦ እንደገና መፍረድ ነው። ለምሳሌ ደንቡ «ባለቤቱ በቸልተኝነት ያሰረው እንደ ሆነ ብቻ» ቢል ኖሮ፥ ፍሬ ነገሩ ሳይለወጥ መልሱ ይገለበጥ ነበር። ተማሪው እንዲህ አድርጎ አሥር ጊዜ ቢሞክር፥ ቁልፉ ያለው በየትኛው ቃል ላይ እንደ ሆነ ዓይኑ ይለምደዋል።

ሁለተኛው የሎጂክ ማመዛዘን ነው። እዚህ ላይ የሚጠየቀው መነሻው መደምደሚያውን ይሸከማል ወይስ አይሸከምም የሚል ነው። «ገንዘብ ያዥ የሆነ ሁሉ ዋስ ጠርቷል፤ ከበደ ዋስ ጠርቷል፤ ስለዚህ ከበደ ገንዘብ ያዥ ነው» የሚለውን እንመርምር። ሲሰሙት የተያያዘ ይመስላል፤ ነገር ግን ዋስ የጠሩ ሁሉ ገንዘብ ያዦች ናቸው የሚል ቃል በመነሻው የለም። ከበደ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ሌላው ስሕተት ያልተነገረ ግምትን ሳያስተውሉ መቀበል ነው። «መሥሪያ ቤቱ ከሰዓት በኋላ አቤቱታ መቀበል ካቆመ ወዲህ የአቤቱታው ብዛት ቀነሰ፤ ስለዚህ ባለጉዳዩ ረክቷል» ቢባል፥ ክርክሩ የቆመው የሚያቤቱት ሰው ቢቀንስ የሚያማርረው ቀንሷል በሚል ድብቅ ግምት ላይ ነው። ምናልባት የቀነሰው ምሬቱ ሳይሆን የሚሰማው ጆሮ ነው። ይህን ድብቅ ግምት ፈልቅቆ ማውጣት የሎጂክ ልምምድ ዋና ሥራ ነው።

ሦስተኛው የቁጥር ማመዛዘን ነው። ይህ ክፍል ከባድ ሒሳብ አይጠይቅም፤ በሁለተኛ ደረጃ የሚታወቁት መቶኛ፥ ንጽጽርና አማካይ ይበቃሉ። አስቸጋሪው ነገር «ከመቶ» ሲባል ከየትኛው መቶ እንደ ሆነ ማወቁ ነው። የ5,000 ብር ደመወዝ ከመቶ 20 ቢጨመርበት 6,000 ይሆናል። በኋላ ከመቶ 20 ቢቀነስበት ግን ወደ 5,000 አይመለስም፤ የሚቀነሰው ከ6,000 ስለሆነ 4,800 ይሆናል። እንደዚሁም አንድ መሥሪያ ቤት አምና ከ200 አመልካቾች 40ውን፥ ዘንድሮ ከ300 አመልካቾች 45ቱን ቢቀጥር፥ የተቀጠሩት ቁጥር አድጓል፤ የአመልካቹ ዕድል ግን ከመቶ 20 ወደ ከመቶ 15 ወርዷል። ሁለቱም አነጋገር እውነት ነው፤ ጥያቄው የትኛውን እንደ ጠየቀ ያላስተዋለ ግን ሒሳቡን በትክክል ሠርቶም ይወድቃል።

በዚህ ላይ ስለ ግምት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በዚህ ፈተና ለትክክለኛ መልስ 1 ነጥብ ይሰጣል፤ ለስሕተት 0.25 ይቀነሳል፤ ባዶ ለተተወው ምንም አይቀነስም። አራት አራት ምርጫ ያላቸውን 16 ጥያቄዎች ምንም ሳያስብ በዕድል የሞላ ተማሪ በአማካይ 4 ያገኛል፥ በ12ቱ ስሕተት 3 ነጥብ ይቀነስበታል፤ የሚቀርለት 1 ብቻ ነው። ከየጥያቄው ሁለቱን ምርጫ በማመዛዘን ካስወገደ በኋላ ከቀሩት ሁለት የገመተው ግን በአማካይ 8 ያገኛል፥ 2 ይቀነስበታል፤ 6 ነጥብ ይተርፈዋል። ስለዚህ ትክክለኛውን መልስ ባያውቁም እንኳ ስሕተቱን ለይቶ ማወቅ ትልቅ ሀብት ነው።

ልምምዱ እንዴት ይካሄድ ለሚለው፥ የሚከተሉትን አራት ነጥቦች እናቀርባለን።

1ኛ፤ መጀመሪያ ሰዓት ሳይያዝ፥ እያንዳንዱን ጥያቄ እስከ መጨረሻው መመርመር ነው። ፍጥነት የትክክለኛነት ልጅ ስለሆነች አስቀድማ አትወለድም። ሰዓት የሚያዘው ትክክለኛነቱ ከተያዘ በኋላ ነው።

2ኛ፤ የስሕተት መዝገብ ማቋቋም ነው። ተማሪው የተሳሳተውን ሁሉ «ጥያቄውን አላነበብኩም»፥ «ከራሴ ጨመርኩ»፥ «በስሌት ተሳሳትኩ» በሚሉ ሦስት ዓምዶች ይመዝግብ። ከአንድ ወር በኋላ የትኛው ዓምድ እንደ ረዘመ ሲያይ፥ ድክመቱ ከየት እንደ ሆነ ያለ አስጠኚ ያውቃል።

3ኛ፤ ለትክክለኛው መልስ ብቻ ሳይሆን ለሦስቱ የተሳሳቱ ምርጫዎችም ምክንያት መስጠት ነው። ይህንንም ለእኅቱ ወይም ለወንድሙ ጮክ ብሎ ቢያስረዳ፥ ያልገባው ቦታ አንደበቱ ሲያያዝ ይታወቀዋል።

4ኛ፤ ከጋዜጣ አንድ ርእሰ አንቀጽ በየቀኑ አንብቦ፥ መደምደሚያው የቱ ነው፥ ማስረጃው የቱ ነው፥ ሳይነገር የታለፈው የቱ ነው ብሎ በሦስት መስመር መጻፍ ነው። ይህ ልምምድ ከወረቀትና ከእርሳስ በቀር ወጪ ስለሌለው፥ ለአስጠኚ የሚከፍለው ለሌለው ልጅ ሁሉ የተከፈተ በር ነው።

ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ እንዳልሆነ አንድ ምሳሌ ያሳያል። ለ2025 የትምህርት ዘመን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 የተሰጠው የሕንድ የሕግ መግቢያ ፈተና ውጤት ከወጣ በኋላ፥ አንድ ተፈታኝ የመልስ ቁልፉ ተሳስቷል ብሎ ለዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት አለ። ፍርድ ቤቱም በዚያው ወር መርምሮ በሁለት ጥያቄዎች ላይ ስሕተት መኖሩን አረጋገጠ፤ ጉዳዩም በይግባኝ ቀጥሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በብርቱ ውድድር ውስጥ አንድ ነጥብ የሰውን ተራ ስለሚለውጥ፥ ወጣቱ ያደረገው የድፍረት ነገር ሳይሆን የማመዛዘን ፍሬ ነው። ከባለሥልጣን የወጣ መልስ ቢሆንም፥ ምንባቡ የሚለው ይህን አይደለም ብሎ በምክንያት ማሳየት ችሏል።

ክቡራን አድማጮች! ይህ ችሎታ ከፈተናው አዳራሽ ጋር የሚቀር አይደለም። ነገ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚመረምረው የዛሬው ተፈታኝ ነው። ደንቡ የማይጠይቀውን ማስረጃ ከባለጉዳዩ የሚጠይቅ ሠራተኛ፥ በፈተና ላይ ከራሱ ጨምሮ ከሚመልሰው ተማሪ በምንም አይለይም፤ የሚለየው ተማሪው የሚያጣው ሩብ ነጥብ ሲሆን፥ ባለጉዳዩ የሚያጣው ግን የቀን ሥራውንና መብቱን መሆኑ ነው። ስለዚህ ልጆቻችንን ስናለማምድ ራሳችንም አብረን ብንለማመድ፥ ደንቡን እንደ ተጻፈ፥ ፍሬ ነገሩን እንደ ተፈጸመ፥ ቁጥሩንም ከመሠረቱ ጋር ማየት ብንለምድ፥ ጥቅሙ ለቤታችንም ለመሥሪያ ቤታችንም ይሆናል።