ደጅ የማያስጠናው ቁጥር

በአገራችን ከጥንት ጀምሮ በአስተዳዳሪውና በተዳዳሪው መካከል የነበረው ንግግር ሁለት መንገድ ብቻ ነበረው፤ ከላይ ወደ ታች አዋጅ ይወርዳል፣ ከታች ወደ ላይ አቤቱታ ይወጣል። አዋጁ ነጋሪት እየተጎሰመ በገበያ መካከል ሲነገር የሰማው ላልሰማው እንዲያሰማ ይታዘዛል፤ አቤቱታው ግን ነጋሪት የሚጎስምለት ስለሌለ፣ ባለ ጉዳዩ ማመልከቻውን በብብቱ ሸጉጦ ከሹሙ ደጅ ሲመላለስ ጫማውንም ዕድሜውንም ይጨርስ ነበር። ደጅ መጥናት ራሱን የቻለ ሥርዐት እንጂ እንደ ነውር የሚቈጠር አልነበረም፤ የንጉሠ ነገሥቱ መኪና ሲያልፍ ማመልከቻውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ከመንገድ ዳር የሚንበረከከው ሰው፣ ከብዙ ደጆች ተመልሶ ወደ መጨረሻው ደጅ የደረሰ ሰው ነበረ። ይህን ልማድ በልቡናው ይዞ ባሕር የተሻገረና በአሜሪካ፣ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በቨርጂንያዋ አሌክሳንድርያ ኑሮውን የመሠረተ ኢትዮጵያዊ፣ ከቤቱ ፊት ለፊት ያለው የመንገድ መብራት ቢጠፋ ወይም የጎረቤቱ ዛፍ ወድቆ መንገዱን ቢዘጋ፣ የማንን ደጅ እንደሚጠና ግራ ቢገባው አይፈረድበትም፤ የሚጠናው ደጅ በዚህ አገር የስልክ ቁጥር ሆኗልና። ቁጥሩም 311 ነው።

የቁጥሩ የትውልድ ስፍራ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ የማትርቀው ባልቲሞር ናት። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ለእሳት፣ ለድንገተኛ ሕመምና ለወንጀል የሚደወልበት 911 በየካቲት ወር 1968 በአላባማ፣ ሄይሊቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተደወለ ወዲህ፣ ሕዝቡ ቁጥሩን እጅግ ከመልመዱ የተነሣ ጎረቤቱ ሙዚቃ ያስጮኸበትም፣ ውሻ የጠፋበትም፣ የቆሻሻ መኪና የቀረበትም ወደዚያው መደወል ስላበዛ፣ በእውነት ቤቱ የሚነድበት ሰው ተራ እንዳይጠብቅ ያሰጋ ጀመር። ስለዚህ በጥቅምት ወር 1996 የባልቲሞር ፖሊስ አጣዳፊ ላልሆነው ጉዳይ 311 የተባለውን መስመር ከፈተ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን ቁጥሩን ለአገሩ ሁሉ ለዚሁ ተግባር ለየው። ቺካጎ በ1999፣ ኒው ዮርክ በ2003 ተከተሉ።

ይሁን እንጂ ቁጥሩን ከስልክነት አልፎ ተቋም ያደረገው ሌላ ነገር ነው። ማርቲን ኦማሊ የባልቲሞር ከንቲባ ከሆነ በኋላ መስመሩን ከፖሊስ ጉዳይ አስፋፍቶ ለከተማው አገልግሎት ሁሉ አደረገው፤ ከዚህም ጋር ሲቲስታት በተባለው አሠራር የየመምሪያው ኃላፊዎች በየጊዜው እየቀረቡ፣ ስንት አቤቱታ እንደ ደረሳቸው፣ ስንቱን በስንት ቀን እንደ ፈጸሙ፣ ያልፈጸሙትንም ስለ ምን እንዳልፈጸሙ ቁጥሩ ከፊታቸው ተዘርግቶ ይጠየቁ ነበር። እንግዲህ በእኔ አስተያየት የፈጠራው ምስጢር ያለው በሦስቱ አኃዞች ሳይሆን በመዝገቡ ላይ ነው። በቃል የተነገረ አቤቱታ ነፋስ ይወስደዋል፤ ቁጥርና ቀን የተሰጠው አቤቱታ ግን ሹሙን ሳይወድ በግዱ ባለ ዕዳ ያደርገዋል።

ሲልቨር ስፕሪንግን የሚያስተዳድረው የሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ተበትኖ የነበረውን ብዙ የስልክ ቁጥር ሰብስቦ ኤም ሲ 311 የተባለውን ማዕከል የከፈተው በ2010፣ አይዛያ ሌጌት የካውንቲው አስተዳዳሪ በነበሩበት ዘመን ነው። አሌክሳንድርያም ቀደም ሲል የነበራትን አሠራር አሻሽላ በ2020 አሌክስ 311 አለችው። በሞንትጎመሪ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ሰው ያነሣል፤ ከካውንቲው ውጭ ሆኖ የሚደውል ሰው 240-777-0311ን ይጠቀማል። ይህን ረጅሙን ቁጥር በስልክ ውስጥ ማስቀመጥ ይበጃል፤ ምክንያቱም ሲልቨር ስፕሪንግን ከዋሺንግተን የሚለያት ኢስተርን አቬኑ የተባለ አንድ መንገድ ብቻ በመሆኑ፣ በዚያ ወሰን ላይ የቆመ ሰው የትኛው መንግሥት እንደሚያነሣለት እርግጠኛ መሆን ይቸግረዋል።

ጥሪው ምን እንደሚመስል በቅርብ እንመልከተው። ልጆቿን ብላ ከአገር ቤት የመጣች አንዲት እናት፣ ልጆቹ ሥራ በዋሉበት ሰዓት፣ ከደጃፏ የሚያነሣው አጥቶ የሰነበተውን አሮጌ ሶፋ ልታስነሣ ደወለች እንበል። እንግሊዝኛ የማትችል ብትሆን «አማርኛ» ማለት ይበቃታል፤ ስልኩን ያነሣችው ሠራተኛ ጥቂት እንድትጠብቅ አድርጋ፣ በሌላ መስመር አስተርጓሚ ትጠራለች፣ ከዚያም ሦስቱ በአንድ መስመር ይገናኛሉ። «እማማ፣ ጤና ይስጥልኝ፤ አስተርጓሚ ነኝ፣ ምን እንርዳዎት?» ይላል ድምፁ፤ እርሷም ስለ ሶፋው ከመናገሯ በፊት፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ፤ የጎንደር ልጅ ነህ እንዴ? ድምፅህ የእኛን አገር ይመስላል» ትለዋለች። የአስተርጓሚነት ደንብ በመስመሩ ላይ የተነገረው ሁሉ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት እንዲተላለፍ ስለሚያዝዝ፣ ይህም ጥያቄ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ፣ ወሬው ስለ ሶፋ ነው ብላ ለምትጠብቀው ሠራተኛ ይደርሳታል። (ጎንደር ከ2012 ጀምሮ የሞንትጎመሪ ካውንቲ እኅት ከተማ በመሆኗ፣ የእናታችን ጥያቄ ከመንግሥቱ ጉዳይ ፈጽሞ የራቀ አይደለም።) በመጨረሻ ሠራተኛዋ አድራሻውን ጠይቃ፣ ሶፋው የሚነሣበትን ቀን ነግራ፣ የጥያቄውን ቁጥር ትሰጣታለች። ያን ቁጥር በወረቀት ጽፎ ማስቀመጥ ግድ ነው፤ በሁለተኛው ጥሪ ታሪኩን ከአዳም ጀምሮ መተረክ አያስፈልግምና።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያዝንበት ነገር አለ። ይኸውም አንዳንድ ጊዜ ሠራተኛዋ «ይህ የእኛ አይደለም» ትላለች፤ የአገራችን ሰው ይህን ቃል ሲሰማ የጥንቱ «ነገ ተመለስ» መስሎት ስልኩን ይዘጋል። ነገር ግን በዚህ አገር የሥልጣን ወሰን እጅግ የተሸነሸነ ስለ ሆነ፣ ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ራሷ፣ በ2020 ቆጠራ 81 ሺህ ያህል ሰው የተቈጠረባት ብትሆንም፣ በሕግ ዐይን ከተማ አይደለችም፤ ከንቲባም ምክር ቤትም የላትም፣ ሹሞቿ በሮክቪል የሚቀመጡት የካውንቲው አስተዳዳሪና 11 አባላት ያሉት የካውንቲው ምክር ቤት ናቸው። ጆርጂያ አቬኑና ኮልስቪል ሮድ በመካከሏ ቢያልፉም የሜሪላንድ መንግሥት መንገዶች ስለ ሆኑ፣ በእነርሱ ላይ የተቦረቦረው አስፋልት የሚደፈነው በክፍለ ግዛቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ከእነርሱ ወደ ውስጥ በሚገባው የሰፈር መንገድ ላይ ያለው ጉድጓድ ግን የካውንቲው ነው። የውሃው ቧንቧ ቢፈነዳ ደብሊው ኤስ ኤስ ሲ፣ የቤቱ መብራት ቢጠፋ ፔፕኮ ነው የሚጠየቀው። ቆሻሻም እንዲሁ ነው፤ ካውንቲው የአንዳንዱን ሰፈር ቆሻሻ ራሱ ሲያነሣ፣ በሌላው ሰፈር ሪሳይክሉን ብቻ ያነሣና ቀሪውን ለግል ድርጅት ይተዋል፤ አፓርትመንት የሚኖር ሰው ደግሞ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የሕንፃውን አስተዳደር ነው። አሌክሳንድርያ በዚህ ረገድ ትቀላለች፤ የቨርጂንያ ከተሞች ከካውንቲ ነፃ ስለ ሆኑ፣ ጎዳናዋንም፣ ፖሊሷንም አንድ የከተማ መንግሥት ይዞታል።

ከአቤቱታው ይልቅ የሚያስጨንቀው አዋጁ ነው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2023 ያወጣው፣ በ2024 ሐምሌ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ፣ የብዙ አፓርትመንቶች የኪራይ ጭማሪ በዓመት ከ6 በመቶ፣ ወይም በዋጋ ንረቱ ላይ 3 በመቶ ታክሎ ከሚገኘው፣ ከሁለቱ ካነሰው እንዳይበልጥ ይከለክላል። ይህን ሕግ የማያውቅ ተከራይ 10 በመቶ ጭማሪ ሲጻፍለት አንገቱን ደፍቶ ይከፍላል፤ የሚያውቀው ግን በ311 ደውሎ የአከራይና ተከራይ ጉዳይ የሚመለከተውን ቢሮ ይጠይቃል። ሕግ ወጥቶ ባለ ጉዳዩ ዘንድ ካልደረሰ፣ ለባለ ጉዳዩ እንዳልወጣ ነው፤ የዋሺንግተን ዙሪያ መንግሥታትም ወደ ልሳን ጉዳይ የገቡት በዚህ ምክንያት ነው። ፕሬዚደንት ክሊንተን በነሐሴ 2000 ባወጡት ትእዛዝ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችና ከእነርሱ ገንዘብ የሚቀበሉ ሁሉ እንግሊዝኛ ለማይችለው ሰው አገልግሎታቸውን እንዲያደርሱ ታዘዙ፤ የዋሺንግተን ከተማ በ2004 የራሷን የቋንቋ ሕግ ስታወጣ አማርኛ ሕጉ ከሚሸፍናቸው ልሳናት አንዱ ሆነ፤ ሞንትጎመሪም በ2010 በአስተዳዳሪው ትእዛዝ ተከተለች። የክሊንተን ትእዛዝ በመጋቢት 2025 ተሽሯል፤ የዋሺንግተኑ ሕግ ግን የራሷ ምክር ቤት ያወጣው በመሆኑ በፕሬዚደንት ትእዛዝ ብቻ አይፈርስም። በአሌክሳንድርያ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚያወጡት ማስታወቂያ ከእንግሊዝኛው ሌላ በስፓኒሽ፣ በአማርኛ፣ በዐረብኛና በዳሪ መውጣቱ ከተለመደ ቆይቷል፤ በዚያች ከተማ ምዕራባዊ ክፍል፣ በሴሚነሪ ሮድና በቦረጋርድ አካባቢ፣ ስንት ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ እንደሚኖር የሚያውቅ በዚህ አይደነቅም።

ሆኖም በወረቀት ላይ ያለው አማርኛ ሁልጊዜ ምስጋና አይገባውም። ማሽን የተረጎመውን ማንም ሳያነበው የሚለጥፍ መሥሪያ ቤት ብዙ ነው፤ አንባቢውም ሦስተኛው መስመር ላይ ሳይደርስ እንግሊዝኛውን ለልጁ ይሰጣል፣ ልጅም ለወላጁ የመንግሥት ቃል አቀባይ ይሆናል፤ ይህም ሥርዐተ ቤቱን ያናጋል። ስለዚህ በስልክ የሚሰማው የሰው ድምፅ ይሻላል እላለሁ፤ የስልክ አስተርጓሚነት በዚህ አገር በካሊፎርንያ፣ ሳን ሆዜ በ1982 ሲጀመርም የቬትናም ስደተኞችን ቃል ለፖሊስ ለማስረዳት ነበር። አንድ ነገር ግን መጨመር ይገባል፤ ኢትዮጵያዊ ሁሉ አማርኛ ይበቃዋል የሚል ሹም፣ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ አፉን የፈታበት ሽማግሌ በሆስፒታልም በፍርድ ቤትም በሁለተኛ ልሳኑ እንዲናገር ያስገድደዋል።

ሌላው መሰናክል ፍርሃት ነው። ወረቀቱ ያላለቀለት ሰው፣ መንግሥት ሲባል ሁሉን አንድ አድርጎ ስለሚያይ፣ ስለ አይጥ ደውሎ ስለ ቪዛ የሚጠየቅ ይመስለዋል። ማርክ ኤልሪች የሞንትጎመሪ አስተዳዳሪ ሆነው በሐምሌ 2019 የፈረሙት ትእዛዝ የካውንቲው መሥሪያ ቤቶች ለፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሲቪል ጉዳይ እንዳያገለግሉ የከለከለውም ለዚህ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ጋር የምትዋሰነው ታኮማ ፓርክ ደግሞ ከዚህ አልፋ፣ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማው ምርጫ ድምፅ እንዲሰጥ ከ1992 ጀምሮ ፈቅዳለች።

ስልኩ የማይፈታው ነገር ሲኖር ደግሞ ጉባኤው አለ። የአሌክሳንድርያ ምክር ቤት፣ ከንቲባውን ጨምሮ ሰባት አባላት ያሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ በወር አንድ ቅዳሜ ጧት ለሕዝብ ጆሮውን ይከፍታል፤ ስሙን ላስመዘገበ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ይሰጠዋል። ሦስት ደቂቃ ለእኛ ሰው ሰላምታውን እንኳ አያስጨርስም፤ አበው በሸንጎ ነገር ሲከፍቱ ከምስጋና ጀምረው በተረት ዞረው ነበር ወደ ጉዳዩ የሚደርሱት። ቅዳሜ ጧትም ለታክሲ ነጂው የገበያ ሰዓት፣ ለማኅበርተኛውም የማኅበር ቀን ነው። ቢሆንም የሰፈሩን የሕንፃ ዕቅድ ወይም የፓርኪንጉን ደንብ የሚወስነው ድምፅ በአብዛኛው እዚያው፣ ተናጋሪዎቹ እንደ ጨረሱ ይሰጣል። መሄድ የሚፈልግ ሰው አስተርጓሚ ካስፈለገው አስቀድሞ ለምክር ቤቱ ጸሐፊ ቢሮ ማስታወቅ፣ ጉዳዩን በወረቀት ላይ አሳጥሮ መጻፍ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ የሚጠይቀውን ነገር በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር መናገር አለበት፤ ሰላምታው ከጉባኤው በኋላ በመተላለፊያው ላይ ይደርሳል።