«ሜጋ ጨምር፣ ላጉ ይጠፋል»፦ ተረትና እውነታ

ባለፈው ክረምት ቡታጅራ፣ እህቴ ዘንድ በሰነበትሁበት ወቅት፣ በሦስት ፕሌይስቴሽን የጌም ቤት ከፍቶ ራሱን ለማስተዳደር የሚጥረው የእህቴ ልጅ፣ አንድ ማታ ደንበኞቹን ሸኝቶ በሩን ከዘጋ በኋላ፣ የስድስት ወር ደረሰኞቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና፣ «ጋሼ፣ ከአምስት ሜጋ ወደ ዐሥር፣ ከዐሥር ወደ ሃያ አምስት አሳደግሁት፤ ፒንጉ ግን ያው መቶ አርባ ነው» አለኝ። የቤት ኪራዩን አንድ ወር አዘግይቶ፣ የተሰበሩትን ሁለት ጆይስቲኮች ሳያስጠግን፣ ገንዘቡን ሁሉ ወደ ኢንተርኔቱ ማዞሩን ደረሰኞቹ ይመሰክሩ ነበር። ይህንም ያደረገው ከሞኝነት አይደለም፤ ስልክ ቤት ተቀምጠው «ሜጋህን ጨምር፣ ላጉ በራሱ ይጠፋል» (የጨዋታውን መጎተት ማለታቸው ነው) እያሉ እንደ ሊቅ የሚፈርዱ ሰዎች ስለ ነገሩት፣ እነርሱም ከሌላ ስለ ሰሙ፣ ያም ከሌላ ስለ ሰማ ነው። ለዚህ ሐተታ ያነሣሣኝ የዚያ ማታ ደረሰኝ ነው።

ስሕተቱ የሚጀምረው ሁለት የተለያዩ መስፈሪያዎችን እንደ አንድ ከመቁጠር ነው። ሜጋ የምንለው በአንድ ሰከንድ ውስጥ በመስመሩ ሊያልፍ የሚችለው የመረጃ ብዛት ሲሆን፣ ፒንግ ግን አንዲት ትንሽ መልእክት ከቤታችን ተነሥታ፣ ጨዋታውን እስከሚያስተናግደው ሰርቨር ደርሳ፣ መልስ ይዛ እስክትመለስ የሚፈጅባት ጊዜ ነው፤ የሚቆጠረውም በሚሊ ሰከንድ፣ ማለት በሰከንድ አንድ ሺኛ ነው። ከቡታጅራ ብዙ ሳይርቅ ሐረ ሸይጣን የሚባለው የእሳተ ገሞራ ሐይቅ እንዳለ የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከአፋፉ ላይ ሆኖ የቱንም ያህል ቢወረውር ድንጋዩ ውኃው ዘንድ አይደርስም የሚለውን ወግም በልጅነቱ ያልሰማ የለም። እንግዲህ አንድ ሰው ከእንዲህ ያለ ገደል ጫፍ ድንጋይ ለቅቆ ከታች ድምፁን ቢጠባበቅ፣ የሚጠብቀው ጊዜ የሚወሰነው በገደሉ ጥልቀት እንጂ በድንጋዩ ክብደት አይደለም፤ በጠጠሩ ፈንታ ቋጥኝ ቢያወርድበትም ድምፁ ፈጥኖ አይመጣለትም። የእህቴ ልጅ በየወሩ ሲከፍል የነበረው ለቋጥኙ ነው።

በፒንግ ረገድ ይህ ጥልቀት ደግሞ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይገባል። በ1966 በአውሮፓ አቆጣጠር ቻርልስ ካዎ የተባለው ሊቅ፣ መስታወት ከባዕድ ነገር ፈጽሞ ከጠራ ብርሃንን እጅግ ሩቅ ቦታ ሊያደርስ እንደሚችል ካስረዳ ወዲህ (ለዚህም ሥራው በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል)፣ ዓለም በፀጉር ቅጥነት ባለ የመስታወት ክር ተሳስሯል። ሆኖም ብርሃን በመስታወት ውስጥ ሲጓዝ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ለመሄጃና ለመመለሻ 10 ሚሊ ሰከንድ ይወስድበታል፤ ይህንም ሕግ የትኛውም ኩባንያ፣ የትኛውም ጥቅል፣ የትኛውም ክፍያ ሊሽረው አይችልም። ብዙ ጨዋታዎች ሰርቨራቸውን ከሚያኖሩባቸው ከተሞች አንዷ የሆነችው ፍራንክፈርት ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ፣ ገመዱ እንደ አሞራ ቀጥ ብሎ ቢበርር እንኳ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች መመለስ አይቻልም። ገመዱ ግን አይበርርም፤ ከቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ፣ አገራችን የባሕር በር የሌላት ስለሆነች በጂቡቲ ወይም በሌላ ጎረቤት አገር በኩል ወደ ባሕር ወርዶ፣ በቀይ ባሕርና በግብፅ፣ በሜዲትራኒያንም አድርጎ ነው አውሮፓ የሚደርሰው፤ በየጣቢያውም መልእክቱን ተቀብሎ የሚያሳልፍ መሣሪያ የየራሱን ድርሻ ይጨምርበታል። ስለዚህ መቶ አርባው የቡታጅራ ጉድለት ሳይሆን የመንገዱ ርዝመት ነበር።

ለተሳሳተው አሳብም ቢሆን የሚገባውን መስጠት ፍትሕ ነው፤ ከባዶ የተነሣ አይደለምና። 100 ጊጋ ባይት የሚሆን አዲስ ጨዋታ ለማውረድ በ5 ሜጋ 44 ሰዓት ያህል ሲፈጅ፣ በ50 ሜጋ ግን አራት ሰዓት ተኩል አይሞላም፤ በዚህ ረገድ ሜጋው ጌታ ነው። ደግሞም መስመሩ ጠባብ ሆኖ አንዱ ልጅ ሲጫወት ሌላው ፊልም ሲያወርድ፣ እናት ከውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር በምስል ስትነጋገር፣ የጨዋታው ትንሽ መልእክት ከነዚያ ብዙ ጭነቶች ኋላ ተሰልፋ ተራ ትጠብቃለች፤ ያን ጊዜ ሜጋው የተጨመረለት ሰው ፒንጉ ወርዶ ቢያይ ዐይኑ አልዋሸውም። ዳሩ ግን የወረደለት ሰልፉ እንጂ መንገዱ አይደለም። ሰልፍ በሌለበት ቤት ጨዋታው ራሱ፣ አንዴ ከወረደ በኋላ፣ የሚያመላልሰው መረጃ ከአንድ ሜጋ በታች ስለሆነ፣ ለአንድ ተጫዋች ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ባዶውን ያድራል።

ከዚያ የደረሰኝ ማታ በማግሥቱ ጧት፣ ጌም ቤቱ ገና ሳይከፈት ከእህቴ ልጅ ጋር ላፕቶፑን ይዘን ተቀመጥንና፣ አውሮፓ ያለውን ሰርቨር ትተን፣ እዚያው ጓዳ ውስጥ ያለውን የራሱን ራውተር ፒንግ እናደርገው ጀመር። የራስ ቤት ራውተር በአንድ ወይም በሁለት ሚሊ ሰከንድ መመለስ ሲገባው፣ ቁጥሩ ሦስት፣ አራት፣ ስድሳ፣ አምስት፣ መቶ ዘጠና፣ ሰባት እያለ ይዘል ነበር። ራውተሩ የተቀመጠው ከሁለት የብሎኬት ግንብና ከአንድ የቆርቆሮ በር ኋላ ሲሆን፣ ሦስቱም ፕሌይስቴሽኖች የሚገናኙት በዋይፋይ ነው። ልጁ ዝም ብሎ ቁጥሮቹን ካየ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ችግሩ እንግዲህ ከዚህ ከቤታችን ነው?» አለኝ። ከገበያ ዐሥራ አምስት ሜትር የኔትወርክ ገመድ ገዝተን በግድግዳው ጥግ አሳልፈን ፕሌይስቴሽኖቹን ከራውተሩ ጋር ስናገናኝ፣ የገመዱ ዋጋ ከአንድ ወር የጥቅል ጭማሪ አነሰ፤ ወደ ራውተሩ ያለውም ቁጥር አንድና ሁለት ላይ ረጋ። ወደ አውሮፓ ያለው እርግጥ መቶ አርባ እንደ ሆነ ቀረ፤ ግን መቶ አርባ ሆኖ ቆመ፤ እንደ ቀድሞው አልፎ አልፎ ወደ ሦስት መቶ መዝለሉን ተወ። እጅ የረጋ መዘግየትን ይለምዳል፤ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቀውን መዋዠቅ ግን ሊለምደው አይችልም፤ ላግ እያሉ ተጫዋቾች የሚያማርሩትም ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ነው።

እኔን የሚያሳዝነኝ ሰው አለማወቁ አይደለም፤ ሁላችንም አላዋቂዎች ሆነን ነው የተወለድነው። የሚያስቆጣኝ ግን፣ አንዲት ጊዜ እንኳ ፒንግ ለክተው የማያውቁ፣ የደንበኛው ራውተር የት እንደ ተቀመጠ ያልጠየቁ ሰዎች፣ የአንድን ወጣት የወር እንጀራ በአንድ ቃል ሲያዛውሩ ኅሊናቸው የማይጎረብጣቸው መሆኑ ነው። ምክር መስጠት አደራ መቀበል ነውና፣ የማያውቁትን «አላውቅም» ማለት ማንንም አያዋርድም።

እንግዲህ «የትኛው አቅራቢ ይሻላል?» ወደሚለው ጥያቄ እንምጣ። ኅዳር 2003 ዓ.ም. የተቋቋመው ኢትዮ ቴሌኮም፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ እስኪጀምር ድረስ ብቻውን ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ሳፋሪኮም በይበልጥ የሚታወቀው በሞባይል መረብ ስለሆነ፣ እንደ ቡታጅራ ባሉ ከተሞች እስከ ቤት የሚዘልቅ ፋይበር የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው የሚያንኳኳው የኢትዮ ቴሌኮምን በር ነው። ስለዚህ ለቡታጅራ ተጫዋች ዋናው ምርጫ ከስም ይልቅ በመስመር ዓይነት ላይ ነው። የመዳብ ገመድ ከማእከሉ በራቀ ቁጥር እየደከመ የራሱን መዘግየት ይጨምራል፤ የሞባይል መረብም አንዱን ማማ ለሰፈሩ ሁሉ ስለሚያካፍል፣ ማታ ሰው ሁሉ ስልኩን ሲከፍት ይዋዥቃል። ሙሉ ፋይበር ግን በዚያ በመጀመሪያው የመንገድ ክፍል ላይ የሚጨምረው ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ብቻ ሲሆን፣ ከሁሉ የሚበልጠው በጎነቱም መርጋቱ ነው። የሚያገኝ ሰው ቢያስገባ መልካም አደረገ እላለሁ፤ የምለው ግን ስለ መርጋቱ ነው፣ ስለ ሜጋው አይደለም።

የቀሩትን ተረቶች ባጭሩ ልመልስ።

ተረት፦ ፋይበሩ ምሰሶው ላይ ከደረሰ ቤቴም ፋይበር ነው።
እውነታ፦ ከምሰሶው ወይም ከሰፈሩ ሣጥን እስከ ቤት ያለው መዳብ ከሆነ መስመሩ ሙሉ ፋይበር አይባልም። ቀጭኑ የመስታወት ክር ቤት ውስጥ ገብቶ በአንዲት ትንሽ ሣጥን ላይ ሲሰካ በዐይን ማየት ይገባል።

ተረት፦ 25 ሜጋ ማለት በሰከንድ 25 ሜጋ ባይት ነው።
እውነታ፦ የሚሸጠው በሜጋ ቢት ነው፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ፣ 25ቱ በሰከንድ ከሦስት ሜጋ ባይት ጥቂት ነው የሚበልጠው። የተሸጠው አልደረሰኝም ብሎ ከመክሰስ በፊት ለስምንት ማካፈል ነው።

ተረት፦ «አፍሪካ» የሚለው ሰርቨር ይቀርበናል።
እውነታ፦ የአፍሪካ ሰርቨር ብዙውን ጊዜ ጆሃንስበርግ ወይም ኬፕታውን ነው የሚገኘው። ኬፕታውን ከአዲስ አበባ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ከፍራንክፈርት ብዙም አትለይም። አማዞን በ2019 በአውሮፓ አቆጣጠር የመረጃ ማእከል የከፈተባት ባሕሬን ግን በካርታ ላይ ርቀቷ የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ «መካከለኛው ምሥራቅ» የሚል ምርጫ ያለው ጨዋታ ቢገኝ አስቀድሞ እርሱን መሞከር ይበጃል። ይሁንና ገመድ በካርታ ሕግ ስለማይሄድ፣ ሁሉንም ለክቶ ያነሰውን መያዝ እንጂ አስቀድሞ መማል አይገባም።

ተረት፦ ቪፒኤን ፒንግ ያወርዳል።
እውነታ፦ መልእክቱን በሌላ ቤት በኩል ዞሮ እንዲሄድ ስለሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ያረዝመዋል። ዋናው መንገድ ከተበላሸ አንዳንዴ የተሻለ ፍኖት ያገኝ ይሆናል፤ ያ ግን አጋጣሚ ነው፣ መድኃኒት አይደለም።

ተረት፦ ሳተላይት ከላይ ስለሚመጣ ፈጣን ነው።
እውነታ፦ ከምድር ወገብ በላይ እንደ ቆሙ የሚታዩት ሳተላይቶች ያሉት በ36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ስለሆነ፣ በእነርሱ በኩል ሄዶ መመለስ ከ470 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ዝቅ ብለው የሚዞሩት ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ጊዜ ነው የሚወስዱት፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ መናገር አይገባም።

ተረት፦ መብራት ሲጠፋ ፋይበሩም ይሞታል።
እውነታ፦ በፋይበር ውስጥ የሚሄደው ብርሃን እንጂ ኮረንቲ አይደለም። የሚሞቱት በቤት ውስጥ ያሉት ትንሿ ሣጥንና ራውተሩ ናቸው፤ እነርሱም የሚፈልጉት ኀይል ትንሽ ስለሆነ፣ አነስ ያለ ባትሪ ካሠራቸው ብዙ ጊዜ ማእከሉ እስከ ሠራ ድረስ መስመሩ አብሮ ይሠራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ከተጫዋቹም ከአቅራቢውም ሥልጣን ውጭ የሆነ ነገር ይኖራል። በ2016 ዓ.ም. የካቲት በቀይ ባሕር ውስጥ የተዘረጉ ገመዶች በተበጠሱ ጊዜ፣ የሩቅ አገር መርከብ መልሕቅ ነው በተባለ ምክንያት የብዙ አገሮች መንገድ እንደ ታወከ አይተናል፤ እንዲህ ባለ ቀን ሜጋ የጨመረም ያልጨመረም እኩል ይጠብቃል። ውል የሚፈርም ሰው በእጁ ያለው አራት ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ ክሩ እስከ ቤቴ ይገባል ወይ? የመላኪያው ሜጋ ከመቀበያው ጋር እኩል ነው ወይስ ያንሳል? ሲበላሽ በስንት ቀን ይጠገናል? ጥቅሉን ዝቅ ላድርግ ብል ቅጣት አለው ወይ? መልሱንም በጽሑፍ መያዝ ነው።

የእህቴ ልጅ በተከታዩ ወር ወደ ዐሥር ሜጋ ተመለሰ፤ ለሦስት ፕሌይስቴሽን በቂ ነው፤ የሚወርድ ጨዋታ ካለም ሌሊት ቤቱ ተዘግቶ ሳለ ያወርደዋል። በተረፈው ገንዘብ ጆይስቲኮቹን አስጠገነ። ከቡታጅራ በተነሣሁበት ጧት በሩ ላይ በእጁ የጻፈው ወረቀት ተለጥፎ አየሁ፦ «ኦንላይን ፒንግ 140። አይዘልም።» ደንበኞቹ ከመክፈላቸው በፊት እንዲያነቡት ነው።