«ተመስገን፣ ደህና ነኝ» እያልን የምናጣው ፒፕ

ስለ ፒፕ በቪዲዮ የተናገርነውን፣ ቁጥሩን ረጋ ብላችሁ እንድታዩት እዚህ ጽፈነዋል።

የእኛ ሰው «እንዴት ነህ?» ሲባል፣ ወገቡ ለሁለት ሊቆረጥ ደርሶም «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። አስተዳደጋችን ነው፣ ነውር የለበትም። ፒፕ ሲጠየቅ ግን ብዙዎቻችንን የሚጎዳን ይኸው መልስ ነው።

ፒፕ እንግሊዝ አገር ከ2013 ጀምሮ ያለ ክፍያ ነው። ዕድሜው ከ16 ዓመት እስከ ጡረታ ለሆነ፣ ሕመም ወይም የአካል ጉዳት ላለበት ሰው ይሰጣል። ችግሩ 3 ወር የቆየና ገና ቢያንስ 9 ወር የሚቀጥል መሆን አለበት። ሥራ መሥራትም ሆነ ባንክ ገንዘብ ማስቀመጥ አይከለክልም። «እኔ ታክሲ እየነዳሁ ምን ብዬ እጠይቃለሁ?» ብሎ መተው ስሕተት ነው።

ክፍያው ሁለት ክፍል አለው። ከኤፕሪል 2025 በነበረው ተመን፣ ለዕለት ኑሮ በሳምንት 73.90 ወይም 110.40 ፓውንድ፣ ለመንቀሳቀስ ደግሞ 29.20 ወይም 77.05 ፓውንድ ነው። በአንዱ ክፍል 8 ነጥብ ያገኘ ዝቅተኛውን፣ 12 ያገኘ ከፍተኛውን ይወስዳል።

ነጥብ የሚሰጠው ለበሽታው ስም አይደለም። «ስኳር አለብኝ»፣ «ዲስክ አለብኝ» ብቻውን ምንም አያስገኝም። የሚጠየቀው ምን መሥራት እንዳቃታችሁ ነው፤ ማብሰል፣ መታጠብ፣ መልበስ፣ መድኃኒት መውሰድ፣ መራመድ። ሽንኩርት ለመክተፍ በርጩማ ላይ መቀመጥ ግድ ከሆነባችሁ፣ ያ ነጥብ አለው። ያለ ምርኩዝ ከ20 ሜትር በላይ ሄዳችሁ 50 ሜትር ሳትሞሉ የምትቆሙ ከሆነ 8 ነጥብ ነው። 50 ሜትር ማለት የለንደን አውቶቡስ አራት ከግማሽ ያህል ቢደረደር ነው።

አንድ ጊዜ መቻልም መቻል አይባልም። ሥራውን ያለ አደጋ፣ በደንብ፣ ደጋግማችሁ፣ ከሌላው ሰው ብዙ ሳትዘገዩ መሥራት አለባችሁ። ከቀኖቹ ከግማሽ በላይ ይህ የማይሆንላችሁ ከሆነ «አልችልም» ነው መልሱ።

ሌላም የምንረሳው አለ። ካልሲ የምታለብሰን ሚስታችን ናት፣ ገላችንን ስንታጠብ ጀርባችንን የሚያሽልን ልጃችን ነው። እኛ ቤት ይህ ፍቅር እንጂ «እርዳታ» አይባልም። ስለዚህ ፎርሙ ላይ አንጽፈውም። ፒፕ የሚቆጥረው ግን ይህንኑ ነው። ማጋነን አላልንም፤ መዋሸት ወንጀል ነው። የሆነውን እንዳለ ጻፉ ነው የምንለው።

አጠያየቁ በ0800 917 2222 መደወል ነው፣ አስተርጓሚ ጠይቁ። ፎርሙን በ1 ወር ውስጥ ከመለሳችሁ ክፍያው ከደወላችሁበት ቀን ይታሰባል። የጂፒና የስፔሻሊስት ደብዳቤ አያይዙ። ከማስገባታችሁ በፊት ኮፒ አስቀሩ። ካለፉት 3 ዓመታት 2ቱን እዚህ የኖረ መሆን አለበት፤ ጥገኝነት የተሰጠው ሰው ግን ይህን አይጠበቅበትም። ቪዛችሁ ላይ የመንግሥት ድጎማ መጠቀም የሚከለክል ቃል ካለ፣ ጠበቃ ሳታማክሩ አትንኩት።

አሁን ወደ አገር ቤት ጉዞ እንምጣ። ከ4 ሳምንት በላይ የምትቆዩ ከሆነ ሳትወጡ በፊት ማሳወቅ ግዴታ ነው። ለጊዜው ለሄደ ሰው ፒፕ እስከ 13 ሳምንት ይከፈላል፤ ለሕክምና ከሆነ እስከ 26። የሐኪም ቤት ቀጠሮና ደብዳቤ ያዙ። ጠበል የሚሄድ ሰው ግን 26ቱን ሳይተማመን በ13ቱ ቢያሰላ ይሻለዋል። ዩኒቨርሳል ክሬዲትም ያለው ይጠንቀቅ፤ እሱ በአብዛኛው የሚፈቅደው 1 ወር ብቻ ነው። የቅርብ ዘመድ ሞቶ በወሩ መመለስ ካልተቻለ 1 ወር ሊጨመር ይችላል። ለቅሶ ደርሶ፣ አርባ አውጥቶ እመለሳለሁ የሚል ሰው ይህን አስቀድሞ ይቁጠር። ጠቅልሎ አገር ቤት ለሚገባ ደግሞ ፒፕ አብሮት አይሄድም። ከሄደበት ቀን ጀምሮ ይቆማል፤ ዝም ብሎ የተወሰደው ገንዘብ ዕዳ ሆኖ ይመጣል።

ከተከለከላችሁ አትቀመጡ። በ1 ወር ውስጥ እንደገና እንዲያዩት ጠይቁ፤ እምቢ ካሉ ደግሞ ትሪቡናል አለ። ሁለቱም በነጻ ነው። ሲቲዝንስ አድቫይስም ያለ ክፍያ ያግዛል።

አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። እግዚአብሔርን ማመስገን አንተው፤ ፎርሙ ላይ ግን እውነቱን እንጻፍ። ለሚያስፈልገው ሰው አድርሱልን።