እሳትና ውሃ በ45 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ

የሞዴል ባቡር ሲነሳ ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ጠረጴዛ ላይ በኤሌክትሪክ የሚዞረው ነው። ሶኬቱ ይሰካል፣ ቁልፉ ይዞራል፣ ባቡሩ ይሄዳል። ጭስ ካስፈለገ ዘይት የምታጨስ ትንሽ ማሞቂያ፣ ድምፅ ካስፈለገ ስፒከር ይገጠምለታል። እዚህ የምናስተዋውቃት ሎኮሞቲቭ ግን ከዚያ ወገን አይደለችም። ሆዷ ውስጥ እውነተኛ እሳት ይነዳል፣ ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ ጎማውን ያሽከረክራል። ጭሱም ድምፁም ከሥራዋ የሚወጡ ናቸው። በእንግሊዝ፣ በጀርመን፣ በአሜሪካ፣ በጃፓንና በአውስትራሊያ እንዲህ ያለችውን ሎኮሞቲቭ የሚሠሩ፣ የሚሰበስቡና የሚነዱ ሰዎች አሉ፤ ክበብና መጽሔት ኖሯቸው የዘለቁባቸው አገሮችም አሉ፤ እንግሊዝ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለጀማሪ መጀመሪያ ግራ የሚያጋባው የመጠኑ ነገር ነው። መለያው በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ነው። 32 እና 45 ሚሊ ሜትሮቹ በጓሮ፣ በአትክልቱ መካከል ይዘረጋሉ፤ ሰው አይጫንባቸውም። ከነሱ በላይ በብዛት የሚታወቁት 89፣ 127 እና 184 ሚሊ ሜትር ሲሆኑ፣ በእንግሊዞች ልኬት ሦስት ተኩል፣ አምስትና ሰባት ከሩብ ኢንች መሆናቸው ነው። እነዚህ ሰው ይጎትታሉ። ነጂው ከሎኮሞቲቯ ኋላ በተቀጠለች ዝቅተኛ ጋሪ ላይ እግሩን ግራና ቀኝ አድርጎ ይቀመጣል፤ ከጀርባው ልጆች የተደረደሩባቸው ፉርጎዎች ይከተላሉ። የ184 ሚሊ ሜትሯ ለብዙ ሰው ሸክም ናት፤ ያለ ማንሻ ከመኪና አትወርድም።

ለእኛ አንባቢ ከሁሉም የ45 ሚሊ ሜትሩ ሐዲድ ልዩ ነገር አለው። የድሮው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። አንድ ሜትር ለ22.5 ሲካፈል 44.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ኤል ጂ ቢ የተባለው የጀርመን የጓሮ ባቡር በ1968 ገበያ ላይ ሲወጣ የተሠራው በዚሁ ልክ ነው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ደግሞ 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ለ32 ሲካፈል 44.8 ይመጣል። የድሮውም የአዲሱም የኢትዮጵያ ባቡር በአንድ ጓሮ፣ በአንድ ሐዲድ ላይ ሊሄዱ ይችላሉ ማለት ነው። በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ባቡር በእንፋሎት የሚሠራ ስለነበር፣ እሱን አሳንሶ ለመሥራት የሚነሳ ሰው ቢያንስ ሐዲዱን ከሱቅ ያገኘዋል።

ነገሩ የተጀመረው ከአሻንጉሊት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ይሸጡ የነበሩት ትንንሽ የነሐስ ሎኮሞቲቮች ሐዲድ እንኳ አልነበራቸውም። በስፒሪት መብራት ውሃቸው ይፈላና ወለሉ ላይ ይለቀቃሉ። በሄዱበት ሁሉ ውሃ ስለሚያንጠባጥቡ «የበርሚንግሃም አንጠባጣቢ» የሚል ስም ወጣላቸው። መሪም ፍሬንም የሌለው እሳት ምንጣፍ ላይ ሲሮጥ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ለእናት ለአባት መንገር አያስፈልግም። በክፍለ ዘመኑ ማብቂያ የቦይለር ሠሪ ልጅ የሆነው የኖርዝሃምፕተኑ ባሴት-ሎክ ብቅ አለ። ከኑረምበርጉ የቢንግ ፋብሪካ ጋር ሆኖ የእንግሊዝን እውነተኛ ባቡሮች መልክ የያዙ ሞዴሎችን ይሸጥ ጀመር። በ1898 ደግሞ ፐርሲቫል ማርሻል «ሞዴል ኢንጂነር» የተባለውን መጽሔት አቋቋመ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከልጆች እጅ እየወጣ ወደ አባቶች እጅ ገባ።

ትልቁ ክርክር የተነሳው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው። በወጣትነቱ በለንደንና ብራይተን መስመር ባቡር ላይ የሠራና የመሥሪያ ቤቱን ስም የመጀመሪያ ፊደላት የብዕር ስም ያደረገ፣ ኤል ቢ ኤስ ሲ የሚባል ጸሐፊ ነበር። በጊዜው የነበረው እምነት ትንሽ ሎኮሞቲቭ በስፒሪት ካልሆነ አትሠራም፣ ከሰል ለትልቁ ነው የሚል ነው። እሱ ደግሞ «ቦይለሩ እንደ ትልቁ ባቡር በቱቦ ከተሠራ ከሰል ይነድበታል፣ ሰውም ይጎትታል» ብሎ ተነሳ። ከባሴት-ሎክ ወገን ጋር በመጽሔቱ ገጾች ላይ ከተሟገተ በኋላ 64 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ የምትሄደውን «አይሻ» የተባለች ሎኮሞቲቩን አመጣ። (ስሟ ከጅቡቲው መስመር ጣቢያ ጋር መግጠሙ እንዲያው አጋጣሚ ነው።) አይሻ ከሰል እየነደደባት ሙሉ ሰው ጎተተች፤ ክርክሩም በዚያው አበቃ። ሰውየው በ1967 እስኪሞት ድረስ ማንም ሰው ቤቱ ውስጥ በትንሽ ቶርኖ ሊሠራቸው የሚችሉ ዲዛይኖችን ደረጃ በደረጃ ሲያስረዳ ኖረ። «ቲች» የምትባለዋን ትንሿን የጀማሪ ሎኮሞቲቭ ዛሬም የሚሠሩ አሉ።

ክርክሩ ያለ ምክንያት አልተነሳም፤ ትልቁን ባቡር እንዳለ ማሳነስ አይሠራም። በ127 ሚሊ ሜትር ሐዲድ የምትሄድ ሞዴል ከእውነተኛው አንድ አሥራ አንደኛ ያህል ናት። ርዝመቷ በ11 እጥፍ ሲያንስ የቦይለሯ ገጽ በ121፣ የምትይዘው ውሃ በ1,331 እጥፍ ይቀንሳል። ከያዘችው ውሃ አንጻር ሲታይ ለብርድ የተጋለጠው ገላዋ ብዙ ስለሆነ ሙቀቷን ቶሎ ታጣለች። የቱቦዎቹም ነገር እንዲሁ ነው። በትልቁ ቦይለር ውስጥ ትኩሱን ጋዝ በውሃው መካከል የሚያሳልፉት ቱቦዎች 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አላቸው። በዚያው ልክ ቢያንሱ 5 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞሉም፤ ጥላሸት ይደፍናቸዋል። ሠሪው ቁጥራቸውን ይቀንስና ሰፋ ሰፋ ያደርጋቸዋል። ከውጭ ብሎኗ ሳይቀር የትልቁ ቅጂ የሆነችው ሎኮሞቲቭ ሆዷ ሲከፈት የራሷ አሠራር አላት። እኔ ከዚህ ሙያ ከሁሉ የማደንቀው ይህን ለዓይን የማይታየውን ክፍል ነው፤ ቀለሙንና የነሐሱን ጌጥማ ማንም ያየዋል።

ቦይለሩ ብዙውን ጊዜ ከመዳብ ይሠራል። ዝርጉ መዳብ በእሳት እየለሰለሰ በመዶሻ ይቀጠቀጣል፣ መገጣጠሚያው በብር ይበየዳል፤ እንደ ቆርቆሮ ሥራ በተራ ሊድ መለጠፍ እዚህ አይታሰብም። ተሠርቶ ሲያልቅ በቀጥታ እሳት አያይም። አየሩ ሙሉ በሙሉ ወጥቶለት በቀዝቃዛ ውሃ ይሞላል፣ ሊሠራበት ከታሰበው ግፊት እጥፍ ድረስ በፓምፕ ይገፋል። ለ6 ባር የተሠራው 12 ባር መቻል አለበት። በውሃ የሚፈተንበት ምክንያት ቀላል ነው፦ ውሃ ሲጨመቅ ያን ያህል ጉልበት አያከማችም፣ መገጣጠሚያው ቢለቅ ጠብ ጠብ ይላል እንጂ አይፈነዳም። እንፋሎት ቢሆን ያው ቀዳዳ ሰው ይጎዳ ነበር። የእንግሊዝ ክበቦች ፈታኝ አላቸው፤ የምስክር ወረቀት የሌለውን ቦይለር በሐዲዳቸው ላይ አያስኬዱም። ፈተናው ከዚያ በኋላም በየጊዜው በአንድ ተኩል እጥፍ ግፊት ይደገማል።

አሁን እሳት እንለኩስ። ከሁሉ በፊት ውሃ ነው። ከነጂው ፊት የቆመችው የመስተዋት ቱቦ ውስጥ ውሃው ከግማሽ በላይ መታየት አለበት። ከዚያ መጋጠሚያዎቹ ሁሉ ዘይት ይጠጣሉ። ጭስ ማውጫው ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ይደፋል፤ እንፋሎት ገና ስለሌለ አየሩን በእሳቱ ውስጥ የሚስብ ሌላ ነገር የለም። በላምባ የራሰ የእንጨት ከሰል በትንሿ በር ይገባና ይለኮሳል። ሲቀላ የባቄላ ፍሬ የሚያካክል የድንጋይ ከሰል በማንኪያ በምታህል አካፋ ይጨመራል። የግፊት መለኪያዋ መርፌ ለጥቂት ደቂቃ ንቅንቅ ሳትል ትቆይና በድንገት ትነሳለች። አንድ ባር ገደማ ስትደርስ የሎኮሞቲቯ የራሷ እንፋሎት በጭስ ማውጫው ሥር ባለች ቀጭን ቀዳዳ ሽቅብ ይለቀቃል፤ አየር መሳቡን እሱ ይረከባል፣ ማራገቢያው ይነሳል። መርፌዋ ቀዩን መስመር ስትነካ ሴፍቲ ቫልቩ «ፍስስስ» ብሎ ይከፈታል።

ለመንቀሳቀስ የሚቸኩል ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ሲሊንደሮች ገና ቀዝቃዛ ስለሆኑ የገባባቸው እንፋሎት ወደ ውሃ ይመለሳል። ውሃ ደግሞ አይታመቅም፤ ፒስተኑ ቢገፋው የሲሊንደሩ ክዳን ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ከሥር ያሉት የማፍሰሻ ቧንቧዎች ተከፍተው ሎኮሞቲቯ በዝግታ ወደፊትና ወደኋላ ትነዳለች፤ ውሃውን ተፍታ ስትጨርስ ይዘጋሉ። በጉዞው ላይ ነጂው ሦስት ነገር ያያል፦ ሐዲዱን፣ እሳቱንና የውሃውን መስተዋት። ከሦስቱ መስተዋቱን የረሳ ሰው ይቅርታ የለውም። ውሃው ዝቅ ብሎ ከእሳቱ በላይ ያለው የመዳብ ጣራ ከተጋለጠ መዳቡ ይለሰልሳል፣ ግፊቱ ይደረምሰዋል። ትልቁ ቦይለር ብዙ ውሃ ስለሚይዝ ለሰነፍ ትንሽ ፋታ ይሰጥ ነበር። ሦስት አራት ሊትር የያዘችው ትንሿ ግን ፋታ የላትም። ከትልቁ ይልቅ ትንሹን መንዳት ይከብዳል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ውሃውን መልሶ የሚሞላው ኢንጄክተር የተባለ መሣሪያ ነው። በ1858 የፈለሰፈው ፈረንሳዊው አንሪ ዢፋር ነው፤ ከስድስት ዓመት በፊት በእንፋሎት ሞተር የሚነዳ የአየር መርከብ ያበረረውም እሱ ነው። ኢንጄክተር የሚንቀሳቀስ አካል የለውም ማለት ይቻላል። ከቦይለሩ የወጣው እንፋሎት በጠባብ አፍ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ተገናኝቶ ወደ ውሃ ይለወጣል፣ ፍጥነቱንም ለዚያ ውሃ ይሰጣል። ፈጣኑ ውሃ እየሰፋ በሚሄድ ቱቦ ውስጥ ሲዘገይ ፍጥነቱ ወደ ግፊት ይለወጥና ከቦይለሩ ግፊት ይበልጣል። እንፋሎቱ ከወጣበት ቤት ውሃ ይዞ በኃይል ተመልሶ ገባ ማለት ነው። በትንሿ ሎኮሞቲቭ የኢንጄክተሩ ቀዳዳ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትዘጋዋለች፣ የሚስበው ውሃ ከሞቀም አይሠራም። የነጂዎቹ እርግማን ሁሉ የሚወርደው በሱ ላይ ነው።

ይህ ፍቅር ከያዛቸው ሰዎች ስሙ የገነነው ዋልት ዲዝኒ ነው። ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ግቢው 800 ሜትር ገደማ ሐዲድ ዘርግቶ ከ1950 ጀምሮ በባለቤቱ በሊሊያን ስም የሰየማትን «ሊሊ ቤል» ይነዳ ነበር። ሐዲዱ 184 ሚሊ ሜትር ነበር። የሊሊያን የአበባ መደብ እንዳይነካ ሐዲዱ በሥሩ በዋሻ እንዲያልፍ ተደርጓል፤ ከባልም ከሚስትም ጋር የተስማማ መሐንዲስ ይሉታል ይህን ነው። በ1953 ባቡሩ ተገልብጦ አንዲት ሕፃን ልጅ በእንፋሎት ተቃጠለች፤ ዲዝኒም መስመሩን ዘጋ። በ1955 የተከፈተውን ዲዝኒላንድን ግን የሚዞረው የእንፋሎት ባቡር የዚያ ግቢ ፍቅር ውጤት ነው። በአሜሪካዋ ኦሪጎን ግዛት ያለው ትሬይን ማውንቴን ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው ዋና መስመሩ በ2004 ጊነስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

እንግሊዞቹ ውድድርም አላቸው። ከ1969 ጀምሮ በሚካሄደው የብቃት ውድድር ለእያንዳንዱ ነጂ ከሰል ተመዝኖ ይሰጠዋል፤ ሎኮሞቲቯ የሠራችው ሥራ ከኋላ በተቀጠለ መለኪያ ፉርጎ ይመዘገባል። የሚያሸንፈው በትንሽ ከሰል ብዙ የሠራ ነው። ፍጥነት አያሸልምም። አሸናፊዎቹም ቢሆኑ ከከሰሉ ጉልበት ለሥራ የሚያውሉት ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው፤ ቀሪው ባብዛኛው በጭስ ማውጫው ይሄዳል። ሥራ ፈትነት ነው የሚል ካለ አልከራከረውም።

ሰብሳቢዎቹ ሌላ ወገን ናቸው። የድሮ ቢንግ ወይም ባሴት-ሎክ የያዘ ሰው እሳት አይለኩስባትም፤ የመጀመሪያው ቀለም በአንድ ቀን ይላጣል፣ ዋጋዋም አብሮ ይወርዳል። ሀብቱ የነሱ ነው፣ መብታቸው ነው። ያም ሆኖ እሳት የማታይ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ለእኔ ግማሽ ነገር ናት።

ከሰል የሚያነዱት አሁን የገጠማቸው ችግር ከሰሉ ራሱ ነው። ጭሱ አነስተኛ፣ ሙቀቱ ብርቱ የሆነው የደቡብ ዌልስ ከሰል ለዚህ ሥራ ተመራጭ ነበር። መርተር ቲድፊል አጠገብ የነበረው የፎስ-ኢ-ፍራን ማዕድን ግን በ2023 መጨረሻ ማውጣት አቆመ። ከዚያ ወዲህ ከውጭ የገባ ከሰልና በፋብሪካ የተጠፈጠፈ ማገዶ እየተሞከረ ነው።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው ጥሩው መንገድ በቡታጋዝ የምትሠራ የ32 ወይም የ45 ሚሊ ሜትር ሎኮሞቲቭ ናት። ጥላሸቷ ትንሽ ነው፣ በርቀት መቆጣጠሪያም ልትነዳ ትችላለች፤ አዲሷ ግን ውድ ናት። ከመግዛት በፊት ክበብ መፈለግ ይሻላል፤ በእንግሊዝ ብዙዎቹ ክበቦች እሑድ እሑድ ለሕዝብ ክፍት ናቸው። ነጂውን የምታናግሩት ባቡሩ ቆሞ ውሃ ሲሞላ ይሁን፤ ያኔ በደስታ ያስረዳችኋል። የፈተና ወረቀት የሌለው ያገለገለ ቦይለር ግን በነጻም ቢሰጣችሁ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት፤ እሳት አታሳዩት።