ከዓሣው በፊት ውኃው

እ.ኤ.አ. በ1846 አና ታይን የምትባል እንግሊዛዊት እመቤት ቶርኪ ከተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ሕያው ኮራሎች ይዛ ወደ ለንደን ተመለሰች። የባሕር ፍጥረት ከባሕር ርቆ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ያን ጊዜ በውል የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ። እሷ ያገኘችው ዘዴ ቀላል ነበር፤ የቤት ሠራተኛዋ በየቀኑ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ቆማ፣ ለግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ፣ ውኃውን ከዕቃ ወደ ዕቃ እየገለበጠች ታናፍሰዋለች። ኮራሎቹ ኖሩ፤ ተባዙም። በታሪክ የተጻፈው የእመቤቷ ስም ነው፤ ክንዷ የዛለው ግን ሠራተኛዋ ነበረች።

ያንን ድካም ዛሬ ፓምፕ ተክቶታል። ነገሩ ግን ያው ነው። የጨው ውኃ አኳሪየም ለማቋቋም የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚንከባከበው ውኃውን ነው። ዓሣው የሚመጣው ቤቱ ከተዘጋጀ በኋላ ነው።

ጀማሪ ሰው ትንሽ ገንዳ ይቀለኛል ብሎ ያስባል። ተቃራኒው ነው። በ30 ሊትር ውኃ ውስጥ የተረሳ አንድ የሞተ ዓሣ ሁሉንም ይበክላል፤ ከሰዓት በኋላ ያለው ሙቀት ብቻውን ውኃውን ከልክ በላይ ያሞቀዋል። ከ150 እስከ 200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ስሕተትን ይታገሣል። ክብደቱን ግን አትርሱ፤ 150 ሊትር የጨው ውኃ ብቻውን ከ150 ኪሎ በላይ ነው፤ መስተዋቱ፣ አሸዋውና ድንጋዩ ሲጨመሩ ከ200 ኪሎ ያልፋል። የቴሌቪዥን ጠረጴዛ አይችለውም። ጠንካራና ውኃ ልኩ የተስተካከለ መቆሚያ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ቦታ ያስፈልጋል፤ ፀሐይ ያገኘው ገንዳ በአልጌ ይወረራል።

ከዚያ የጨው ጥያቄ ይመጣል። የወጥ ጨው አይሆንም ወይ? አይሆንም። የባሕር ውኃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል የሟሟ ጨው ይይዛል። አብዛኛው ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ የቀረው ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ሰልፌትና ባይካርቦኔት ነው። ኮራል አካሉን የሚገነባበት ካልሲየም ከሌለ፣ ውኃው ወደ አሲድነት እንዳያዘነብል የሚይዘው ባይካርቦኔት ከሌለ፣ ገንዳው ውስጥ ያለው ጨው የተበጠበጠበት ውኃ ብቻ ነው።

ደናኪል አንድ ዘመን የቀይ ባሕር ክንድ እንደ ነበረ የሚያውቅ አንባቢ «የአፋር ጨውስ?» ሊል ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ባሕር ሲተን ማዕድናቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይዘቅጡም። ቀድሞ ጂፕሰም ይወርዳል፤ ቀጥሎ የምንበላው ጨው፤ በመጨረሻ የፖታሽና የማግኒዚየም ጨዎች። በዳሎል አካባቢ ፖታሽ ራሱን በቻለ ንብርብር የሚገኘው ለዚህ ነው። አሞሌው በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ ባሕሩ በየደረጃው ከተበታተነ በኋላ የቀረ አንድ ክፍል ማለት ነው። ስለዚህ ለአኳሪየም ተብሎ የተቀመመውን ጨው መግዛት ግድ ይላል። ለ150 ሊትር ከ5 ኪሎ በላይ ይፈጃል፤ ወጪውም በዚያ አያበቃም፣ ውኃ በተቀየረ ቁጥር ይጨመራል።

ጨው የሚበጠበጥበት ውኃ በቀጥታ ከቧንቧ የተቀዳ ባይሆን ይመረጣል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለው፤ አልጌ የሚመግቡ ቅሪቶችም ሊኖሩት ይችላሉ። በሪቨርስ ኦስሞሲስ የተጣራ ውኃ በሌላ በርሜል ተሞልቶ፣ ጨው ተጨምሮበት፣ በፓምፕ እየተናጠ አንድ ቀን ያድራል። የጨውነቱ መጠን ሪፍራክቶሜትር በሚባል መሣሪያ ይለካል፤ አንጻራዊ ጥግግቱን 1.025 አካባቢ ሲያሳይ ደርሷል። ሙቀቱ ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። አንድ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ውኃ ሲተን ጨው አብሮ አይሄድም። የጎደለው የሚሞላው ጨው በሌለው ውኃ ነው፤ በጨው ውኃ የሚሞላ ሰው ገንዳውን ቀስ በቀስ ከባሕር የበለጠ ጨዋማ ያደርገዋል።

አሁን አስቸጋሪው ክፍል ደረሰ፤ መጠበቅ። ዓሣ በሚተነፍስበትና በሚጸዳዳበት ጊዜ አሞኒያ ይወጣዋል። በባሕር ውስጥ አሞኒያው ወዲያው ይበተናል፤ በገንዳ ውስጥ ግን ይከማቻል። የባሕር ውኃ አልካላይን ስለሆነ ደግሞ የአሞኒያው መርዛማ ቅርጽ ድርሻ ከፍ ይላል። ይህን የሚያስወግዱ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ ሌላው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት፤ ናይትሬቱን እኛ ውኃ በመቀየር እናወጣዋለን። ባክቴሪያዎቹ በድንጋዩ ቀዳዳዎችና በአሸዋው ላይ ይሰፍራሉ፤ ቁጥራቸው እስኪበቃ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ባዶው ገንዳ በጥቂት የአሞኒያ ጠብታ ወይም በቁንጥር የዓሣ ምግብ ይመገባል፤ በመመርመሪያ ኪትም ይለካል። አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆኑ ናይትሬት ከታየ ቤቱ ተዘጋጅቷል። በጠርሙስ የሚሸጡ ባክቴሪያዎች ጊዜውን ሊያሳጥሩ ይችላሉ፤ መለኪያውን ግን አይተኩም። ለጥቅሙ ሲል «ዛሬውኑ ዓሣ አስገባበት» የሚል ሻጭ አይታመንም።

አዲስ አበባ ላይ የሚሞክር ሰው ስለ ከፍታውም ማሰብ አለበት። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ውኃም በተመሳሳይ ሙቀት ከባሕር ዳር ሩብ ያህል ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል። የጨው ውኃ ደግሞ በራሱ ጨው ከሌለው ውኃ ያነሰ ይይዛል። ስለዚህ የውኃውን ላይኛ ገጽ የሚያናውጥ ጠንካራ ፓምፕ፣ ጥቂት ዓሣ። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከሁሉም ዕቃ በፊት ይገዛ እላለሁ።

ለመጀመሪያ ዓሣ የምመክረው ክሎውን ፊሽን ነው፤ ጥንድ። ጠንካራ ነው፤ በእርባታ ይገኛል፤ በባሕር ውስጥ ከሚጠለልበት ከአኔሞን ውጭም ይኖራል። ሲፈለፈል ሁሉም ወንድ ነው፤ ከጥንዱ ትልቁና የበላዩ ሴት ይሆናል፤ እሷ ከሞተች ወንዱ በተራው ሴት ይሆናል። ከቀይ ባሕር ብቻ የሚገኘው ወይን ጠጁ ኦርኪድ ዶቲባክም ትንሽ ስለሆነና በእርባታ ስለሚገኝ ለዚህ መጠን ይስማማል። የዚያው ባሕር ሐምራዊ ታንግ ቢጫ ጅራቱ ዓይን ይስባል፤ ግን ከ20 ሴንቲሜትር በላይ የሚያድግና ሰፊ ቦታ የሚፈልግ ዋናተኛ ነውና ለ150 ሊትር አይሆንም። ዓሣዎቹ አንድ በአንድ ይግቡ፤ ባክቴሪያው ከተጨመረው ጋር እስኪመጣጠን ሳምንታት ይሰጠው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሚደጋገም ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ከውኃው ከ10 እስከ 15 ከመቶ ይቀየራል።

ዓሣው ከየት እንደ መጣም ሊታሰብበት ይገባል፤ በፊሊፒንስና በኢንዶኔዥያ ለሽያጭ የሚያዙ ዓሣዎችን በሳይናይድ አደንዝዞ መያዝ ለረጅም ዘመን የቆየ ልማድ ነው፤ ኮራሉም አብሮ ይሞታል፤ ዓሣውም በገዢው ቤት ብዙ አይቆይም። እንግዲህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሻጩን ጠይቁት፤ ዓሣው በእርባታ የተገኘ ነው ወይስ ከባሕር የተያዘ? መልስ ከሌለው አትግዙ።