የተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰርና ከናሙናው የሚነበበው

ከዳባት፣ ከደባርቅና ከጃናሞራ ጎንደር ሆስፒታል የሚመጡ አባቶች ሐኪም ፊት ቀርበው መጀመሪያ የሚያነሱት የሽንትን ነገር ነው። «ሽንቴ ጠብ ጠብ እያለ አስቸገረኝ» ይላሉ። የወገቡን ሕመም የእርሻና የዕድሜ አድርገው ስለሚይዙት ካልተጠየቁ አይናገሩትም። ክፉው ምልክት ግን እሱ ነው፤ የፕሮስቴት ካንሰር አከርካሪ አጥንት መድረሱን ሊጠቁም ይችላል። በአገራችን ብዙዎች የሚመረመሩት እዚህ ሲደርሱ ነው። «ከተሰራጨ በኋላ ናሙና መውሰድ ምን ይረባል?» የሚባለውም ያኔ ነው። እኔ ደግሞ ናሙናው ይበልጥ የሚያስፈልገው ያኔ ነው እላለሁ፤ የካንሰሩ ዓይነት ሳይለይ የሚይዘውን መድኃኒት መምረጥ ያስቸግራል።

ናሙናው በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ ይወሰዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ቀጫጭን ቁራጮች ይወጣሉ። ፎርማሊን ውስጥ ቆይተው፣ በሰም ተደፍነው፣ በማይክሮን በሚለካ ስስነት ተቆርጠውና ተቀልመው ማይክሮስኮፕ ሥር ይገባሉ።

አሜሪካዊው ፓቶሎጂስት ዶናልድ ግሊሰን እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣው ምደባ የሚመለከተው የእጢዎቹን አደረጃጀት ነው። ዛሬ በመርፌ ናሙና የሚሠራባቸው ከ3 እስከ 5 ያሉት ደረጃዎች ናቸው። 3 ላይ ጥቃቅን እጢዎች ለየብቻቸው ቆመው ይታያሉ። 4 ላይ ይጣበቃሉ ወይም እንደ ወንፊት ይበሳሳሉ። 5 ላይ እጢ የሚባል ቅርጽ ጠፍቶ ሕዋሳቱ በየፊናቸው ይበተናሉ። በብዛት የታየውና ከቀሪው የከፋው ይደመራሉ። 3+4ም 4+3ም 7 ነው፤ ሁለተኛው ግን ይከፋል። በ2014 ቺካጎ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ከ1 እስከ 5 ምድብ ሲያወጡ ሁለቱን 7ቶች 2ኛና 3ኛ ብለው ለዩአቸው፤ 9ና 10 ደግሞ 5ኛ ሆኑ።

ይህ ቁጥር የሚታመነው ሕክምና ባልነካው ናሙና ላይ ነው። ቻርልስ ሃጊንስ በ1941 የወንድ ሆርሞን ሲቀነስ በሽታው እንደሚያፈገፍግ ካሳየ ወዲህ፣ በመድኃኒት ወይም የዘር ፍሬን በማውጣት ሆርሞኑን መቀነስ የተሰራጨው ካንሰር ሕክምና መሠረት ሆኗል። እንዲህ የታከመ ካንሰር እጢዎቹ ይኮማተራሉ፤ ከሆነው በላይ የከፋ ይመስላል። ሌላ ከተማ ሕክምና ጀምሮ የመጣ ሰው ማዘዣ ወረቀት ላይ ይህ ካልተጻፈ ፓቶሎጂስቱ ሊሳሳት ይችላል። አንዲት መስመር መጻፍ ገንዘብ አይጠይቅም፤ መዘለሏ ያሳዝነኛል።

ካንሰሩ ውሎ አድሮ የሆርሞን ቅነሳውን ይለምዳል። ጥቂቱ ደግሞ ጠባዩን ጭምር ቀይሮ ኒውሮኢንዶክራይን ወደሚባለው ዓይነት ይዞራል፤ በደም የሚለካው ፒኤስኤ የተባለው የፕሮስቴት ፕሮቲን ዝቅ እንዳለ ጉበት ላይ ሊያድግ ይችላል። ፒኤስኤን ብቻ የተከተለ ሐኪም በሽታው የተኛ ይመስለዋል። ከተሰራጨበት ቦታ አዲስ ናሙና ተወስዶ በሲናፕቶፊዚንና በክሮሞግራኒን ማቅለሚያ ሲታይ ግን ይጋለጣል፤ ኬሞቴራፒውም ፕላቲነም ወዳለበት ይዞራል።

ከዚያ ወዲያ የጂን ምርመራ አለ። በ2015 የታተመ የ150 ታማሚዎች ጥናት፣ ሆርሞን ቅነሳውን ከለመዱ ካንሰሮች ከ5 በ1 ያህሉ ዲኤንኤ የሚጠግኑ ጂኖቻቸው እንደተበላሹ አሳየ። ብራካ 2 አንዱ ነው። አሜሪካ በ2020 እንዲህ ጂናቸው ለተበላሸ ታማሚዎች ኦላፓሪብ የተባለውን መድኃኒት ፈቀደች።

ለእኔ ከጂን ምርመራው በፊት የሚቀድመው ናሙናውን ማዳን ነው፦ ሳይዘገይ ከመጠኑ 10 እጥፍ በሚሆን ፎርማሊን ውስጥ ማስገባት፣ በሰም የተደፈነውን ቁራጭ ለዓመታት ማስቀመጥ። ከአጥንት የተወሰደ ከሆነ በጠንካራ አሲድ አይለስልስ፤ አሲዱ ዲኤንኤውን ያበላሻል። ኢዲቲኤ የተባለው ማለስለሻ ቀናት ቢፈጅም ለኋላ ምርመራ የሚሆን ናሙና ያቆያል።