ሳሎኑ ሆስፒታል ሲሆን

በአንደኛው የዓለም ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1914–1918) የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቁስለኛውን አልችል ሲሉ፣ በገጠር ያሉ የመኳንንት ቤቶች ሳይቀሩ ለሕክምና ዋሉ። ዛሬ ከእነዚህ አንዱን እንመልከት፤ በማንቸስተር አቅራቢያ የሚገኘውን ደንሃም ማሲን።

ይህ የስታምፎርድ መኳንንት ርስት ከ1917 እስከ 1919 ወታደራዊ ሆስፒታል ነበር። እንግዳ ይስተናገድበት የነበረው ትልቅ ሳሎን በአልጋ ተሞላ። ቀዶ ሕክምናውስ የት ይደረግ ነበር ትላላችሁ? ከትልቁ ደረጃ ግርጌ! የቤቱ ልጅ ሌዲ ጄን ግሬይም ነርስነት ተምራ ቁስለኞችን ታስታምም ነበር። ሐኪሙ ከአንድ ወታደር ጭንቅላት ፍንጣሪ ሲያወጣ ባትሪ ይዛ ያበራችለት እሷ ናት።

ፔኒሲሊን የተገኘው በ1928 ነው። ስለዚህ ያኔ ቁስል ካመረቀዘ ያለው መላ ደጋግሞ ማጠብ፣ ፋሻ መለወጥ፣ በደንብ ማብላትና ማሳረፍ ነበር። ያገገሙት ሰማያዊ ልብስና ቀይ ክራባት አድርገው በአትክልቱ ቦታ ይንሸራሸራሉ።

ታዲያ ከዳኑ በኋላስ? ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ሆስፒታሉ የወታደር ነውና ለውጊያ የበቃው ተመልሶ ወደ ምሽግ ይላካል። ነርሷ ሌሊቱን ሙሉ ያስታመመችውን ልጅ ለዚያው እሳት ትሸኘዋለች ማለት ነው።

እኛ ነገ ክፍል ገብተን ስለ ጦርነት ስናስተምር የጄኔራሎችን ስምና ዓመተ ምሕረት ብቻ አስቆጥረን አንውጣ። ያችን ነርስ በር ላይ ቆማ ስትሸኝ እናሳያቸው፤ የጦርነት ዋጋ ለተማሪ የሚገባው ያኔ ነው።